ዶክተር ቦርጬ በሳንባ ክፍል

ጃፓንኛ የማውቀው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ እሱንም አሁን ረስቼዋለሁ። ይህ ግን አንድ ሙሉ የጃፓን መጽሐፍ፣ ያውም ደም እንደ ባሮ የሚፈስበትን፣ ለአንድ ክፍል ሙሉ በሽተኛ ጮክ ብዬ ከማንበብ አላገደኝም። አትሳቁብኝ። እናንተም ያኔ ጋምቤላ ብትኖሩና የሳንባ ክፍል ነርስ ብትሆኑ ኖሮ፣ እንኳን ጃፓንኛ የወፍ ቋንቋም ታነቡ ነበር።

ጊዜው ክልል የሚባለው ነገር ገና ቀለሙ ያልደረቀበት ነው። ቀለሙ ስል እውነተኛውን ቀለም ማለቴ ነው። ከተማው መሃል በየበሩ አዲስ ታፔላ ይሰቀላል፣ ትናንት መምሪያ የነበረው ዛሬ ቢሮ ሆኖ ያድራል፣ ጽሑፉን በእጃችሁ ብትነኩት ጣታችሁ ሰማያዊ ይሆናል። አንድ ቀን ለጉዳይ አንድ ቢሮ ሄጄ ታፔላው አለ፣ ቢሮው ግን የለም። ዘበኛውን ብጠይቀው፣ «ቢሮው ወደዚያኛው ቤት ተዛውሯል፤ ታፔላው ገና ስላልደረቀ ነው የቀረው» አለኝ። እንዲህ ያለ ደግ ጊዜ ነበር። ሰው ሁሉ አዲስ ሹመት፣ አዲስ ወንበርና አዲስ ተስፋ ነበረው። እኔም ከጎሬ ብርድ ወርጄ፣ ከነርስ ትምህርት ቤት በወጣሁ ማግስት፣ የተተኮሰ ነጭ ጋዋኔን ለብሼ መጣሁ። ጋዋኑ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ በላብ ተጣብቆብኝ ከቆዳዬ ጋር አንድ ሆነ።

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት አንድ ክፋት አለው፤ ያሽላል። በቃሬዛ የመጣ ሰው ሳምንታት ሳይቆይ ቁጭ ይላል፣ ከዚያ ገንፎ ይጠይቃል፣ ከዚያ ከጎረቤቱ ጋር ይጣላል፣ ከዚያ «ድኛለሁ» ብሎ በመስኮት ይወጣል። አልዳነም እኮ! በሽታው ተደብቆ ይቆይና ብሶበት ይመለሳል። ስለዚህ የሥራዬ ግማሽ መርፌ መውጋት ነበር፣ ሌላው ግማሽ በጋምቤላ ፀሐይ ሰው ማሳደድ።

ከሁሉም ያስቸገሩኝ ጋሽ ሞገስ ናቸው። ጎጃም ተወልደው፣ ዲማ ወርቅ ፍለጋ ጉድጓድ ሲምሱ ጠጉራቸው የሸበተ ሰው። ክኒን ከምላሳቸው ሥር የመደበቅ ችሎታቸውን ወርቅ ላይ አውለውት ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ሀብታም ነበሩ።

«ዋጡ?» እላቸዋለሁ።

«ዋጥኩ።»

«እስቲ ምላስዎን ያንሡ።»

«ኧረ ሲስተር! ወርቅ ስቆፍር እንኳን እንዲህ ፈትሸውኝ አያውቁም!»

ከእሳቸው ቀጥሎ ቾል ተኝቷል። ከማታር የመጣ ነጋዴ ነው፤ በባሮ ላይ ዕቃ ሲያመላልስ፣ ሱዳንም ሲገባና ሲወጣ የኖረ። ቁመቱ ከአልጋው ስለሚተርፍ ለእግሮቹ ለብቻቸው ወንበር ሰጥተናቸው ነበር። ከፊት ለፊት ኡጁሉ አለ፤ የከተማው ልጅ፣ አኝዋክ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ወንጌላዊ። ከታመመ ወዲህ መስበክ ስለተከለከለ ስብከቱ ሁሉ ውስጡ ተጠራቅሞ መውጫ ይፈልጋል።

መጽሐፉን የሰጠኝ የውኃ ጉድጓድ ሊያስቆፍር የመጣ ጃፓናዊ ኢንጂነር ነው። ወባ ጥሎት እኛ ጋ ተኝቶ ነበር። ሲድን ጎንበስ ብሎ አመሰገነኝ፣ እኔም ይሉኝታ ይዞኝ ጎንበስ ስል ግንባራችን ተጋጨ፣ ያበጠ ግንባሬን እያሻሸሁ መጽሐፉን ተቀበልኩ። ወፍራም ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሥዕል፣ ጽሑፉ በየሥዕሉ ጥግ እንደ ጉንዳን የፈሰሰ። በጋዋኔ ኪስ ከትቼ ረሳሁት።

አንድ ጧት ጋሽ ሞገስ፣ «ዛሬስ ብትገድይኝም አልውጥም» አሉ። ጎንበስ ብዬ ስለማመጣቸው መጽሐፉ ከኪሴ ሾልኮ ደረታቸው ላይ ወደቀ። ሽፋኑን አዩት።

«ይሄ ደግሞ ማነው?»

«ክኒኑን ይዋጡና እነግርዎታለሁ» አልኳቸው።

ዋጡ። ሳልጠይቃቸው ምላሳቸውን አነሡ። እንግዲህ መንገር ግድ ሆነብኝ።

ሽፋኑ ላይ ያለው ሰውዬ ጀግና አይመስልም። አጭር ነው፣ ቦርጫም፣ አናቱ ላይ ጠጉሩ የሳሳ፣ የቤት ነጠላ ጫማ ያደረገ። በሰንሰለት የመርከብ መልሕቅ ይጎትታል። ከኋላው የወደቀው ጥላ ደግሞ የእሱ ጥላ አይደለም፤ ቀንድ አለው፣ ጥርስ አለው፣ አፉ እንደ ቤት በር ነው።

«ይሄማ ሽፍታ ነው» አሉ ጋሽ ሞገስ።

«ጋኔን ነው። ጥላውን ተመልከቱ» አለ ኡጁሉ። ቀጥሎም መልሕቁን አይቶ፣ አባቱ በድሮው ወደብ በእንፋሎት መርከቦቹ ላይ ሲሠሩ እንዲህ ያለ መልሕቅ አንሥተው እንደነበር ነገረን።

ቾል ተቀብሎኝ አገላብጦ አየው። ፈገግ ብሎ መለሰልኝ። «አንብቢ፣ ሲስተር።»

ሽፋኑን ገልጬ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሰውዬው በሬሳ መሃል ብቻውን ቆሟል። ሁለተኛው ላይ እያለቀሰ ነው። ቀጥሎ መልሕቁ የአንድ ሰው ደረት ላይ ተተክሏል። ከዚያ መልሕቁ አየር ላይ ነው። ከዚያ ያ የሞተ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ደረቱ ላይ ጭረት እንኳ የለም።

ገጹን ወደ እነሱ አዞርኩት።

«ነቀለለትና አዳነው!» ብለው ጮኹ ጋሽ ሞገስ። «ቀዶ ጥገና ነው! ሐኪም ነው ሰውዬው!»

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመን። ጥላው አፉን ከፍቶ አንዲት አሮጊት ሙሉዋን ተፋ፤ ዘንቢሏ እንኳ ከእጇ አልወደቀም። የተቆረጠ እጅ ከመሬት ተነሥቶ ቦታው ገባ። የተቃጠለ መንደር ጭሱን ወደ ውስጥ ስቦ ጎጆው እንደነበረ ሆነ። እያንዳንዱን ሰው ከማዳኑ በፊት ሰውዬው ያለቅሳል።

«የእኛ ሐኪም አያለቅስም» አለ ቾል።

«ጊዜ የለንም» አልኩት።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገረን። የዳኑት ሰዎች ወዲያው ሰይፍ መዝዘው ይጮኹበታል። ኡጁሉ፣ «ለምን? አዳናቸው እኮ!» ብሎ ተቆጣ።

«ይሄንን እንኳ እኔ አውቀዋለሁ» አልኩ። «ትናንት ሾርባው ቀዘቀዘ ብላችሁ የጮኻችሁብኝ እናንተው አይደላችሁም?»

ከዚያ በኋላ ስለ ሾርባው የተናገረ የለም።

ሰውዬውን «ዶክተር ቦርጬ» አልነው። ሕግ ወጣ፤ ሁሉም ክኒኑን ይውጣል፣ መርፌውን ይወጋል፣ ከዚያ ጥቂት ገጽ ይነበባል። እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፣ ኡጁሉ በአኝዋክኛ፣ ቾል በኑዌርኛ ያስተላልፋሉ። እኔ «ሰውዬው ድልድይ ላይ ቆመ» ካልኩ ቾል ስለ ድልድዩ፣ በድልድዩ ሥር ስለሚያልፈው ውኃና ስለ ዓሣው ሁሉ ይተርካል፤ በሽተኞቹ ይስቃሉ። ኡጁሉ ደግሞ ድምፁን ከፍ ዝቅ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሲጨርስ አንዳንዶቹ «አሜን» ይላሉ። እኔ ያላነበብኩት ይህን ያህል ነገር ከየት እንደሚመጣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ወሬው ከተማ ገባ። ምንም ያልታመሙ ሰዎች እየሳሉ መምጣት ጀመሩ። ሳሉ የውሸት እንደሆነ ከበሩ ላይ ይታወቀኝ ነበር፤ የሚስለው ሰው አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ እያየ ነው። እነሱን ከመስኮቱ ውጭ፣ ማንጎው ሥር አስቀመጥኳቸው። ዋናው ሐኪማችንም ነገሩን ሰማ፤ ግን የሰማው በጎን ነው። አንድ ቀን በኮሪደር ሲያልፍ አንድ በሽተኛ ለጠያቂው፣ «ዶክተር ቦርጬ እኮ የተቆረጠ እጅ ይቀጥላል!» ሲለው ሰማ። ችግሩ ሐኪማችንም ቦርጫም መሆኑ ነው። ለብቻዬ ጠራኝና፣ «ሲስተር፣ እጅ ቀጥዬ አላውቅም፤ ሕዝቡ ይህን ወሬ ከየት አመጣው?» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ስፈራ፣ «ሕዝቡ ይወድዎታል» አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳንባ ክፍል ሲያልፍ ትንፋሹን ውጦ ሆዱን ወደ ውስጥ እየሳበ ሆነ። እንዳይታፈንብን እፈራ ነበር።

መጽሐፉ አለቀ። የመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ዶክተር ቦርጬ ቦርጩ ይጠፋል፣ መልሕቁ የለም፣ ጥላው እንደ ማንም ሰው ጥላ ትንሽ ነው፣ እሱም ልጅ ሆኖ ከእናቱ ጋር ሩዝ ይበላል። እናቱ ከሳህኗ አንሥታ ትጨምርለታለች።

«እንዴት ልጅ ሆነ?» አለ ቾል።

«ዳግመኛ ተወለደ» አለ ኡጁሉ፣ ይህንን ሳምንት ሙሉ ሲጠብቅ እንደነበረ ሁሉ።

«አይደለም» አሉ ጋሽ ሞገስ። «አገሩ ገባ። ሰው እናቱ ቤት ሲገባ እንዲህ ነው የሚሆነው።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ያን ዕለት ክኒኑን ማንም ሳይለምናቸው ዋጡ።

እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርን። ሁለተኛው ዙር መሃል ላይ ስንደርስ ያ ኢንጂነር ሊጠይቀን ብቅ አለ፤ ብስኩት ይዞልን። እኔ ደግሞ ሞኟ፣ ልኮራበት ፈልጌ እሱ ቆሞ እያየ ማንበብ ቀጠልኩ። መጀመሪያ ፈገግ አለ። ቀጥሎ አንገቱን ዘንበል አደረገ። ቀጥሎ መነጽሩን አወለቀ። የእሱም እንግሊዝኛ የእኔም እንግሊዝኛ ገና እግራቸው ያልጠና ነበር፤ ስለዚህ ብዙ አልተናገረም። መጽሐፉን ከእጄ ወስዶ ገለበጠው፣ ልጁ ከእናቱ ጋር የሚበላበት ገጽ ላይ ጣቱን አሳርፎ፣ «መጀመሪያው ይሄ ነው» አለኝ።

የእነሱ መጽሐፍ ከቀኝ ነው የሚጀምረው!

ሥዕሎቹን አንድ በአንድ እያሳየ ታሪኩን ነገረኝ። ልጁ ከእናቱ ጋር ይኖራል። አጋንንት እናቱን ይገድላሉ። ልጁ ይበቀልልኝ ብሎ ከዚያ ባለ ቀንድ ጥላ ጋር ይዋዋላል፤ ጥላው ግን ሰው ካልበላ አይሠራም። በመጀመሪያ ክፉዎችን ያበላዋል፤ ቀጥሎ ማንንም። መንደር ይነዳል፣ አሮጊቷም ከነዘንቢሏ ትበላለች። ከገደለ በኋላ ሁሌ ያለቅሳል፤ ግን አያቆምም። በመጨረሻ የሚቀር ሰው ስለሌለ ብቻውን ይቆማል።

ክፍሉ በሙሉ አፌን እያየ ነው። ተረጎምኩላቸው። ኡጁሉና ቾልም ተረጎሙ። በዚያ ቀን ትርጉማቸው አጭር ነበር።

መጀመሪያ የተናገረው ቾል ነው። «እኔ አውቄ ነበር» አለ። «ዓረብኛም እንደዚህ ነው፣ ከቀኝ። መጀመሪያ ቀን ሳየው ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?» አልኩት፤ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

«ያንቺው ጣፈጠኝ፣ ሲስተር።»

ኢንጂነሩ ነገር እንዳበላሸ ገብቶት ደጋግሞ ጎንበስ እያለ፣ እኔም በዚህ ጊዜ ግንባሬን አርቄ፣ ተሰናበተን። ክፍሉ ግን ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «እውነቱ እውነት ነው፤ ከቀኝ ይነበብ» አለ። ኡጁሉ የሚመራው ግማሽ ደግሞ፣ «እነሱ ገደሉ፣ እኛ አዳንን፤ የእኛው ይሻላል» አለ። ቀኞች ከቀኝ ካልተነበበ ክኒን አንውጥም አሉ፤ ግራዎችም አጸፋውን መለሱ። የአልጋ ቦታ መቀያየር መጣ። ምን ላድርግ? በቀን ሁለት ጊዜ ማንበብ ጀመርኩ፤ ጧት እገድላለሁ፣ ከሰዓት አድናለሁ። ድምፄ ተዘግቶ እኔው ስስል ዋናው ሐኪም አክታሽን አስመርምሪ ብሎ አዘዘብኝ።

ጋሽ ሞገስ ግን ከሁለቱም ወገን አልሆኑም። አንድ ቀን ከምሳ በፊት አልጋቸው ባዶ ሆኖ ተገኘ።

የዕለቱን መድኃኒት በኪሴ ከትቼ ወደ መኪና ተራ ሮጥኩ። ወደ ጎሬ የሚወጣ አይሱዙ ማንጎ ጭኖ፣ በማንጎው ላይ ሰው ጭኖ፣ ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል። ጋሽ ሞገስ አናቱ ላይ ተቀምጠዋል። በጎኑ ተንጠላጥዬ ወጣሁ። አረፍ ያልኩበት ከረጢት በሥሬ ፈረጠ።

«ይውረዱ ጋሽ ሞገስ።»

«አልወርድም።»

«ዲማ ሄደው እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ሊሞቱ ነው?»

«ዲማ በቃኝ። እናቴ ጋ ነው የምሄደው።» ጓዛቸውን ወደ ደረታቸው ሳቡ። «ከቀኝ ሲነበብ እኮ እኔ ነኝ፣ ሲስተር። ከእናቴ ቤት ወጣሁ፣ ትንሽ ወርቅ ይዤ እመለሳለሁ አልኩ። ከዚያ ሌላ ጉድጓድ፣ ከዚያ ሌላ ጉድጓድ። አብረውኝ የቆፈሩት አፈር ተንዶባቸው አለቁ። ብቻዬን ቀረሁ። መጨረሻው ገጽ ላይ ሳልደርስ ልግባ።»

የቀረኝ እውነቱ ብቻ ነበር። «መድኃኒቱን ሳይጨርሱ ከሄዱ ይዘውላቸው የሚገቡት ሳሉን ነው። እናትዎ አርጅተዋል፤ አይችሉትም።»

«የምን ሳል?» አለ አንዱ ተሳፋሪ።

«የሳንባ» አልኩ።

ሰው ሁሉ ወደ ጫፍ ሸሸ። ተጨናንቆ መፈናፈኛ ያልነበረው መኪና ላይ እኔና ጋሽ ሞገስ በአንዴ ሰፊ ሳሎን አገኘን። ይህን ጊዜ አይሱዙው ተነቃነቀ። ተሳፋሪዎቹ አቁም ለማለት የጋቢናውን ጣሪያ ደበደቡ፤ ሾፌሩ ግን ሂድ ያሉት መስሎት ነዳጁን ረገጠው። ደጋግመው ደበደቡ፤ እሱም ደጋግሞ ረገጠው። እኔ ነጭ ጋዋኔን ለብሼ፣ በማንጎ ጭማቂ ቢጫ ሆኜ፣ ቆቤ በነፋስ ሄዶ፣ ከጋምቤላ ወጣሁ።

ያቆመን ኬላው ነው። ወርጄ ለፈታሹ ነገሩን ላስረዳ ብል ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ሲስተር፣ እየጠፋሽ ነው?»

ያኔ ሙቀቱን ያልቻለ የመንግሥት ሠራተኛ ሹልክ ብሎ ወደ ደጋ መውጣቱ የተለመደ ነበር፤ ፈታሹም ብዙ ዓይነት ተረት ሰምቷል። በሽተኛ ልመልስ ነው ብዬ ብነግረው ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አልኩት። እሱም፣ «በሽተኛውን ማንጎ ውስጥ ነው የምትፈልጊው?» አለኝ። ለመሥሪያ ቤትሽ ይነገራል፣ እዚህ ቁጭ በይ ተባልኩ። ያ ሁሉ ሩጫ ከሥራ ኮብላይ ሊያስብለኝ ነው! እንባዬ መጣ።

ጋሽ ሞገስ ከላይ ሆነው ያያሉ። ዝም ቢሉ ያልፋሉ፤ ማንም አልጠየቃቸውም። ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። መኪናው ሊነሣ ሲል ግን አንድ እግር በጎኑ ተንጠለጠለ፣ ቀጥሎ ሌላው። ወረዱ።

«የጠፋሁት እኔ ነኝ» አሉት ፈታሹን። «እሷ ልትይዘኝ ነው የመጣችው። እንዲያውም ይዛኛለች።» ማስረጃ እንዲሆን ደህና አድርገው ሳሉበት። ፈታሹ ወደኋላ አፈግፍጎ ሁለታችንንም በእጁ «ሂዱ፣ ሂዱ» አለን።

አይሱዙው አቧራውን ጥሎብን ሄደ። በእግራችን ወደ ከተማ ተመለስን፤ እሳቸው ትንሽ ይሄዱና ይቀመጣሉ፣ እኔ ጓዛቸውን ተሸክሜአለሁ። ዛፍ ሥር አርፈን መድኃኒታቸውን ከኪሴ አወጣሁ፤ ውኃ ስላልነበረን በማንጎ ዋጡት።

«ሲስተር፣» አሉኝ አፋቸውን እየጠረጉ፣ «ያ ሰውዬ ከመሃል መመለስ አይችልም ነበር? ወይ ከቀኝ ወይ ከግራ ነው ያለው ማነው?»

ሁለታችንም መሳቅ ጀመርን። እሳቸው ሲስቁ ሳሉ፣ ሲስሉ ሳቁ፤ ከተማው እስኪታየን ድረስ አላቆሙም።

መድኃኒታቸውን ጨረሱ፤ አንዲትም ክኒን ሳይደብቁ። አክታቸው ንጹሕ ሆኖ በፊት ለፊት በር ወጡ። መጽሐፉ እስከዚያ ድረስ በላብና በጣት ብዛት ጥርዙ ተበትኖ ነበር፤ ድኖ የሚወጣ ሁሉ የወደደውን ገጽ ለማስታወሻ ይወስዳል። ቾል ያቺን ባለ ዘንቢል አሮጊት ወስዶ ማታር ገባ። ኡጁሉ የጥላውን ወሰደ፤ ለስብከት እንደሚሆነው ነገረኝ። ጋሽ ሞገስ የሩዙን ገጽ በጥንቃቄ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱ። አሁን ሳስበው ያ መጽሐፍ በክልሉም ከክልሉም ውጭ ተበትኗል፤ ግማሹ ጎጆ ውስጥ፣ ግማሹ ጀልባ ላይ። ሰው ሲድን የማየት ደስታ ከዚያ በኋላም በብዙ ቦታ ገጥሞኛል፤ እንደዚያ እየተጣላን፣ እየተረጎምን፣ ማንጎ ሥር የታጨቀ ውሸታም ሳል እየሰማን ግን የትም አልገጠመኝም።

ከዓመት በላይ ቆይቶ አንድ አይሱዙ ግቢያችን በር ላይ ጡሩምባውን ነፋ። ያው ሾፌር ነው።

«ሲስተር፣ ከጎጃም መልእክት አለሽ። ከእጅ ወደ እጅ ሲቀባበል ነው እኔ ጋ የደረሰው።»

«ጋሽ ሞገስ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። እናታቸውም አሉ። ማታ ማታ ጎረቤቱን ሰብስበው የዶክተር ቦርጬን ታሪክ ይነግሯቸዋል አሉ። አሁን እናትየዋ አንድ ነገር ጠይቀው እሳቸው መልስ አጡ። ጃፓንኛ የምታነበው ሲስተሯ ናት፣ እሷ ትጠየቅ ብለዋል።»

«ምንድነው ጥያቄው?»

«ሰውዬው አገባ ወይ?»

መጽሐፉ የለኝም። ቢኖረኝም ከየትኛውም በኩል ቢነበብ ሠርግ የሚባል ነገር አልነበረውም። እጄ ወደ ባዶው የጋዋኔ ኪስ ሄደ።

«ሲስተር፣ ነዳጅ እየነደደ ነው» አለኝ ሾፌሩ። «አገባ ወይስ አላገባም?»

«አግብቷል በላቸው።»

«ማንን?»

«ነርስ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። «እኔም እንደዚያ ነው የገመትኩት» ብሎ ማርሹን አስገባ።